ልጄ 12 ዓይነት እህል እየበላች የክንዷ ዙሪያ ልክ (ሙዋክ) ቢጫ ወጣ፤ ምን አጎደልኩ?

ቶሳ_ሥር

ሰላም ለዚህ ቤት። የመጀመሪያ ልጄ ሴት ናት፤ 9 ወር ሞላት። ባለፈው ማክሰኞ ለኩፍኝ ክትባት ይዣት ሄድኩ። ባለሙያዋ ከመውጋቷ በፊት ያቺን ባለ ቀለም ጥብጣብ ክንዷ ላይ ጠቅልላ «12.1፣ ቢጫ ነው» አለችኝ። «ምግቧን አስተካክዪና ከወር በኋላ ተመለሺ» ብላ ወደሚቀጥለው ልጅ ዞረች። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ አልፈርድባትም።

እኔ ግን እዚያው ፈዝዤ ቀረሁ። የምግብ እጥረት ሲባል የማውቀው በቴሌቪዥን ያየሁትን ነው፤ ድርቅ ያለበት ቦታ። እኛ ቤት ምግብ ጠፍቶ አያውቅም። ባሌም እኔም ደመወዝተኛ ነን። ለልጄ ብዬ 12 ዓይነት እህል ለቅሜ፣ አጥቤ፣ ቆልቼ፣ ራሴ ወፍጮ ቤት ቆሜ ነው ያስፈጨሁት። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ። አተር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ኦቾሎኒም አለበት። በቀን ሦስቴ አጥሚት ተሠርቶላት ትጠጣለች። አትተወውም፤ ጥርግ አድርጋ ነው የምትጨርሰው።

አማቴ «በአባቷ ወጥታ ነው፣ እሱም ልጅ ሆኖ ቀጫጫ ነበር» ይላሉ። እንቁላል ልስጣት ስል «ሆዷ አይችለውም፣ ዓመት ይሙላት» አሉኝ። ሳልጣላቸው ልጄን እንዴት ላድርጋት? የምታውቁ ንገሩኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሲስተር_ከወልድያ

ቶሳ ሥር እህቴ፣ እንኳን ተለካች። ሳትለካ የምትቀር ልጅ ናት የምታሳስበኝ። ጤና ጣቢያ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

የክንዷ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን አረንጓዴ ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ያለው ቢጫ ነው። ከ11.5 በታች ቀይ ነው፤ እሱ ሕክምና ይፈልጋል። ልጅሽ ቢጫ ላይ ናት። ቤት ውስጥ በሚሠራ ሥራ የምትመለስበት ቦታ ላይ ነች ማለት ነው። አሁኑኑ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ሁለቱን እግሮቿን ከላይ በኩል በአውራ ጣትሽ ተጭነሽ ሦስት ሰኮንድ ያህል ቆዪ። ጣትሽን ስታነሺ ጉድጓዱ ካልሞላ እብጠት አለ ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ቀለሙን አትይ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ምግብ እምቢ ካለች፣ የበላችውን ሁሉ ካስመለሰች ወይም ፈዛ ከተኛችም እንደዚሁ።

አሁን ወደ ዱቄትሽ። የለፋሽው ልፋት ይገባኛል፤ ግን እውነቱን ልንገርሽ። ከ12ቱ ስምንቱ አንድ ወገን ናቸው። ጤፍም ሆነ ስንዴ፣ ዳጉሳም ሆነ ሩዝ ሁሉም የእህል ወገን ነው። አራቱ ደግሞ የጥራጥሬ ወገን ናቸው። ስለዚህ ልጅሽ እየበላች ያለችው ሁለት ዓይነት ምግብ ነው። የጡት ወተት ሲጨመር ሦስት ይሆናል። እኛ በዚህ ዕድሜ ከ8 የምግብ ወገኖች ቢያንስ 5ቱን በየቀኑ ታግኝ ነው የምንለው። እንቁላል የለም። ሥጋ ወይም ጉበት የለም። ወተት አልጠቀስሽም። ጎመን፣ ዱባ፣ ካሮት፣ ማንጎ የለም። ይህ የ12 እህል ነገር ከተማውን ሁሉ ይዞታል። እናቶች ቁጥሩ ሲበዛ የተሟላ ይመስላቸዋል። ሁሉም ያንቺን ያህል ይደክሙበታል፤ እኔን የሚያሳዝነኝም እሱ ነው።

ሁለተኛው ውፍረቱ ነው። «አጥሚት ትጠጣለች» አልሽ። የልጅ ሆድ ትንሽ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። 7 ኪሎ የምትመዝን ልጅ በአንዴ ሦስት የቡና ሲኒ ብትችል ነው። ያንን ቦታ በቀጭን አጥሚት ከሞላሽው የሞላሽው በውሃ ነው። ልጅቱ ትጠግባለች፣ ትተኛለች፤ ክንዷ ግን አይሞላም። ማንኪያውን ስታዘነብይው የማይፈስ ገንፎ አድርጊላት። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ጣል አድርጊበት።

እስቲ ደግሞ እነዚህን መልሺልኝ። ጡት ትጠባለች? በቅርቡ ታማ ነበር? ቀን ቀን ማን ነው የሚያበላት?

ቶሳ_ሥር

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥሽ። እግሯን ተጫንኩት፤ እብጠት የለም።

ጡት ጠዋትና ማታ ትጠባለች። ሥራ የገባሁት በ3 ወሯ ነው። ፈቃዱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቢሮ ነኝ። ቀን ቀን ከሠራተኛዬ ጋር ትውላለች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ትወዳታለች። የላም ወተት በጡጦ ትሰጣታለች፤ ከባድ ነው ስለተባልኩ እኩል በእኩል ውሃ እንድትጨምርበት ነግሬያታለሁ። ባለፉት ሁለት ወራት ሁለቴ ተቅማጥ ይዟት ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ቆየ። ያኔ አማቴ ሆዷ ይረፍ ብለው ምግቡን አስቀንሰዋል።

ይህንን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

የአራት_ልጆች_እናት

አይዞሽ የኔ እህት። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ከዚህ የከፋ ነበር የተደረገው። ገጠር ነው የወለድኩት። እንገሩን «የቆሸሸ ነው» ብለው መሬት ላይ አስፈሰሱኝ። ሕፃኑ ገና ሳይጠባ ቅቤ አላሱት። ሦስት ቀን ሙሉ ጡት አልያዘም። ክፉ አስበው አልነበረም፤ እነሱም የተደረገላቸውን ነው ያደረጉት። አራተኛዋን ጤና ጣቢያ ወልጄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረቴ ላይ አደረጉልኝ። እንገሩንም ሁሉንም ጠባች። የመጀመሪያ ክትባቷ እሱ ነው ብለው አዋላጇ የነገሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳም።

ስለ ገንፎው አንድ ዘዴ አለኝ። ወፍራም ሲሆን ልጅ ያንቀዋል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ቀጭን ሲሆን ደግሞ ሲስተር እንዳሉት ውሃ ነው። መላው ብቅል ነው። ለጠላ እንደምናበቅለው ገብስ ወይም ስንዴ ዘፍዝፈሽ፣ አብቅለሽ፣ ፀሐይ ላይ አድርቀሽ ታስፈጪዋለሽ። ገንፎውን ወፍራም አድርገሽ ታበስያለሽ። ከእሳት አውርደሽ ለመብላት በሚሆን ሙቀት ላይ ሲደርስ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምረሽ ታማስያለሽ። ዓይንሽ እያየ ይቀጥናል። ውሃ ግን አልተጨመረበትም። ከዚያ እንደገና አንዴ አፍለቅልቂውና ስጫት። እናቴ ናት ያሳየችኝ።

ኦቾሎኒውን ደግሞ ልብ በይ። የሻገተ፣ የተጨማደደ ፍሬ አንድም አይግባበት። ሻጋታው ያለበት መርዝ በመቁላት አይጠፋም። ዱቄቱንም የስድስት ወር አታስፈጪ፤ በጥቂት በጥቂቱ ይሻላል።

ሲስተር_ከወልድያ

የብቅሉ ነገር ትክክል ነው። ብቅሉ የገንፎውን ስታርች ስለሚሰባብረው ነው የሚቀጥነው።

ቶሳ ሥር፣ መልስሽን ሳነብ ነገሩ ተገለጠልኝ። ጡጦውን ዛሬውኑ ጣዪው። የጡጦ ጫፍ በደንብ አይጸዳም፤ ወተት ደግሞ ጀርም የሚወደው ነገር ነው። ተቅማጡ ከዚያ መጥቷል ብዬ አልምልም፤ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። በሲኒ መጠጣት ትችላለች፤ የ9 ወር ልጅ ቀርቶ አራስም በሲኒ ይጠጣል። ወተቱን አፍይው፣ ውሃ አትጨምሪበት፣ ገንፎዋን በእሱ አብስይላት። ውሃ የበዛበት ወተት ሆድ ይሞላል እንጂ አይገነባም።

ተቅማጥ ሲይዛት ምግብ አይቀነስም። ይህን በትልቁ ጻፉልኝ። ጡት አዘውትሮ፣ ምግብ በትንሽ በትንሹ፣ ኦአርኤስ (የሚበጠበጠው የተቅማጥ ዱቄት) በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ። ዚንክ ደግሞ ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ10 ቀን ነው። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም አሥሩ ቀን ይሞላ። ብዙ እናቶች እዚህ ላይ ያቋርጡታል። ካገገመች በኋላ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ማዕድ ስጫት፤ ሕመሙ የወሰደባትን የምትመልሰው ያኔ ነው። በሽታና የምግብ እጥረት እንዲህ ተያይዘው ነው የሚመጡት። የታመመ ልጅ ይከሳል፤ የከሳ ልጅ ደግሞ በቀላሉ ይታመማል።

ለሌሎች እናቶች፦ ሥራ ስትገቡ ወተታችሁን አልባችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። በንጹሕ ዕቃ፣ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል። የፈቃዱ 90 ቀን እና ጡት ብቻ የሚጠባበት 6 ወር እንደማይገጣጠሙ እኔም አይቻለሁ። ሁለቱንም ልጆቼን በዚያ መሀል ነው ያሳደግኳቸው።

የጎጃም_ልጅ

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም በእናት ላይ ነው የወረዳችሁት። እንቁላል ስንት እንደገባ ገበያ ወጥታችሁ አይታችኋል? ጉበት? ቅቤ? የቀን ሠራተኛ አባት የአንድ ቀን ገቢውን ይዞ የትኛውን የምግብ ወገን ይግዛ? ችግሩ ድህነት ነው። ትምህርት ማብዛት ሆድ አይሞላም።

ሲስተር_ከወልድያ

ወንድሜ፣ ንዴትህ ትክክል ነው። ኑሮው ከብዷል፤ ለሌለው ሰው «እንቁላል ስጥ» ማለት ምክር አይደለም። ቤት ለቤት ስሄድ ይህንን ብዬ ወጥቼ ያለቀስኩበት ቀን አለ።

ግን ይህን ተመልከት። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ ካሉ ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት 38 በመቶው ቀንጭረዋል አለ። ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጥሯል። በ1992 ዓ.ም. 58 በመቶ ነበር፤ ቀንሷል፣ ግን ብዙ ነው። ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው የእኛው አማራ ነበር፣ 46 በመቶ። አሁን ጎጃምን አስብ፤ ጤፉን፣ በቆሎውን፣ ማሩን፣ ከብቱን። በጥናቱ በሀብት ከላይ ባሉት ቤቶች እንኳ ከአራት ልጆች አንዱ ገደማ ቀንጭሯል። እነዚያ ቤቶች እንቁላል መግዛት አያቅታቸውም። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ልጆች ውስጥ በዓይነትም በማዕድ ብዛትም የሚበቃውን የሚበላው 7 በመቶ ብቻ ነበር። ቶሳ ሥር ደመወዝተኛ ናት፤ ልጇ ግን ቢጫ ናት። ስለዚህ ነው ስለ ገንፎው የምናወራው።

የጎጃም_ልጅ

እሺ ሲስተር፣ ጤፉን ስትይ ነካሽኝ። የራሴን ቤት ልናገር። እናታችን ዘጠኝ ዶሮ ነበራት። እንቁላሉ ቅዳሜ ገበያ ይወጣል፤ በእሱ ዘይት፣ ጨው፣ ለእኛ ደብተር ይገዛል። እኛ እንቁላል የምንቀምሰው በፋሲካ ነበር። ማሩም ቅቤውም እንዲሁ። ማንም ክፉ አልነበረም። ቤቱ ውስጥ የነበረው ገንዘብ እሱ ብቻ ነበር። ታናሽ ወንድሜ እስከ ዛሬ ከሁላችንም አጭር ነው። ዝርያ ነው እንል ነበር። አሁን ይህን ሳነብ እጠራጠራለሁ።

ዶሮ_አርቢው

ስለ ዶሮ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ሥራዬ ነው። ዶሮ ያለው ቤት ልጅ ይጠቀማል፤ ግን ዶሮዎቹ ሰው በሚተኛበት ቤት ሲያድሩ ጥቅሙ ይጠፋል። በገጠር ኢትዮጵያ የተሠራ ጥናትም ይህንኑ ነው ያሳየው። ዶሮ ያላቸው ቤቶች ልጆች ቁመታቸው የተሻለ ነው። ዶሮዎቹ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩባቸው ቤቶች ግን ቁመቱ ዝቅ ይላል። ምክንያቱ ኩሱ ነው። የሚድህ ልጅ መሬት ላይ ያገኘውን ወደ አፉ ነው የሚከተው። በግልጽ ተቅማጥ ባይዘውም አንጀቱ በጥቂት በጥቂቱ ይጎዳል፤ የበላውን በደንብ አይወስድም። ስለዚህ ከምትተኙበት ቤት ርቆ ትንሽ የዶሮ ቤት ሥሩ። ለልጁ መዳኺያ ጥግ ላይ ምንጣፍ ወይም ጀንዲ አንጥፉለት።

ለአንድ ልጅ ሁለት ደህና እንቁላል ጣይ ዶሮ ይበቃዋል። ሌላው ገበያ ይውጣ።

የዋጉ

እኔ ከዋግ ኽምራ ነኝ። ቀዩን አይቻለሁ። የእህቴ ልጅ በዓመት ከሁለት ወሩ ክንዱ 10.9 ደረሰ። ፀጉሩ ቀለሙን ቀየረ፤ መሳቅ አቆመ። ልጅ መሳቅ ሲያቆም ቤቱ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል።

ፕላምፒነት ተሰጠው። ኦቾሎኒ፣ የወተት ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና ማዕድን ያለበት፣ እንደ ኦቾሎኒ ቅቤ የወፈረ ምግብ ነው። አንዷ ፓኬት 92 ግራም ናት፤ 500 ካሎሪ ትይዛለች። ውሃ አይጨመርበትም፣ አይበስልም፤ ለዚህ ነው ልጁ ሆስፒታል ሳይተኛ ቤቱ ሆኖ የሚድነው። በፊት ግን የዱቄት ወተት እየተበጠበጠለት ሳምንታት ይተኛ ነበር፤ እናት ሌሎቹን ልጆች ጥላ። ዛሬ አገር ውስጥም ይመረታል።

የምለምናችሁ ነገር አለ። ፓኬቷ መድኃኒት ናት። በእኛ ሰፈር ለወንድሞቹ ይካፈላል፣ አንዳንዴም ይሸጣል። ረሃብ ያለበት ቤት ሌላው ልጅ ዓይኑ እያየ እንዴት ይከለከላል? ይገባኛል። ግን ለአምስት ሲካፈል የታመመው አይድንም፤ ለሌሎቹም ምንም አይጠቅማቸውም። አንድ ጊዜ ደግሞ የሄድንበት ቦታ አልቋል ተብለን ሦስት ሳምንት ጠበቅን። የእህቴ ልጅ ዕድለኛ ነበር፤ ደረሰለት። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ መቀንጨር ይቁም ብሎ ቃል የገባው በእኛ ከተማ በሰቆጣ ስም ነው። ያንን ቃል ኪዳን እኛ አንረሳውም።

ቶሳ_ሥር

የዋጉ፣ የእህትሽ ልጅ ዛሬ እንዴት ነው?

የዋጉ

4 ዓመቱ ነው። ፍየል ያባርራል።

ዲያቆን_ዘላስታ

የጾም ነገር አለመነሳቱ ገርሞኛል። ብዙ እናቶች ልጁ እንደማይጾም ያውቃሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ከ7 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጹም አትልም። ችግሩ ዕቃው ላይ ነው። እናቲቱ ስለምትጾም ድስቱን በቅቤ፣ ማንኪያውን በእንቁላል ማስነካት ትፈራለች። እንደዚህ እያለ የ55 ቀኑ ሁዳዴ ያልፋል። ከዚያ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ነቢያት አለ፣ ሐዋርያት አለ፣ ፍልሰታ አለ። ተደምሮ ከዓመቱ ግማሽ ገደማ ይሆናል። ለሁለት ዓመት ልጅ ይህ የዕድሜው ግማሽ ነው።

ለልጁ የራሱን ትንሽ ድስት፣ የራሱን ሳህንና ማንኪያ ግዙለት። ለብቻው ይቀመጥ። በዚያ ውስጥ እንቁላሉም ወተቱም ይሠራ። ነፍሰ ጡርና አራስ የሆናችሁ ደግሞ ከነፍስ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ሥርዓቱ ለእናንተ ርኅራኄ አለው። እኔ ለእናቶች በጉባኤ ላይ ይህን መናገር ከጀመርኩ ወዲህ ሦስት እናቶች መጥተው «ማንም ነግሮን አያውቅም ነበር» ብለውኛል።

ኮምቦልቻ_01

በእኛም በኩል በረመዳን ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች ማፍጠር ተፈቅዶላታል። ብዙዎቻችን ግን ሰው ምን ይለኛል ብለን እንጾማለን። እኔ ሁለተኛዬን ሳረግዝ ጾሜ ራሴን ስቼ ወድቄያለሁ። ሼሁ ናቸው የተቆጡኝ።

ሲስተር_ከወልድያ

ዲያቆንና ኮምቦልቻ ወደ እናቲቱ ስለመለሳችሁን አመሰግናለሁ። ቶሳ ሥር፣ አንቺስ? ክንድሽን ለክተሽ ታውቂያለሽ? ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነች እሷም ተጎድታለች እንላለን።

ቶሳ_ሥር

አለካሁም። እኔ እኮ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ትንሽ ልቤ ይመታል፤ ማታ ማታ ያዞረኛል። በእርግዝናዬ ጊዜ የተሰጠኝን የአይረን ኪኒን አቅለሽልሾኝ በወሩ ተውኩት። ሰገራዬም ሲጠቁር ፈራሁ። ምሳ ቢሮ ሻይ በዳቦ ነው። ማታ መጀመሪያ ባሌና አማቴ፣ ከዚያ ልጅቷ፣ ከዚያ እኔ።

ሲስተር_ከወልድያ

እህቴ፣ ይህ ደህና መሆን አይደለም። ልብ መምታትና ማዞር የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ሄደሽ ደምሽን ተመርመሪ። ሰገራ መጥቆር ከኪኒኑ ነው፣ አያስፈራም። የሚያቅለሸልሽ ከሆነ ማታ ከምግብ ጋር ውሰጂው። ከሻይና ከቡና ጋር ግን አይሁን፤ ሻይና ቡና አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራራቁ። ሎሚ ወይም ብርቱካን ደግሞ ያግዘዋል።

ነፍሰ ጡር ከወትሮው አንድ ተጨማሪ ማዕድ፣ የምታጠባ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ማዕድ ያስፈልጋታል። አገራችን ግን ተቃራኒውን ነው የሚያስተምረው። ነፍሰ ጡር «ልጁ ይገዝፍና ምጥ ይጠናብሻል» ተብላ ትቀንሳለች። የተጎዳች እናት ከ2 ኪሎ ተኩል በታች የሆነ ልጅ ልትወልድ ትችላለች። ያ ልጅ ሴት ከሆነች፣ ቀንጭራ አድጋ እሷም በተራዋ ትንሽ ልጅ ትወልዳለች። ስለ መጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት (ከእርግዝና እስከ 2 ዓመት) ስናወራ ቆጠራው ከእርግዝናው ጀምሮ ነው፤ ልጁ ሳይታይ ዘጠኝ ወር አልፏል።

ለማርገዝ የምታስቡም ስሙ። ፎሊክ አሲድ ቀድሞ ነው የሚጀመረው። የሕፃኑ አከርካሪ የሚገጠመው በመጀመሪያው አንድ ወር ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴት ያኔ ማርገዟን እንኳ አታውቅም።

የጎጃም_ልጅ

«ከዚያ እኔ» ያለችውን አንብቤ ተነሳሁ። ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ትናንት ማታ የበላችው እኔ ያስተረፍኩትን ነበር። አላየሁትም እንጂ ሁሌም እንደዚያ ነው። ዛሬ ከእሷ ጋር ከአንድ ትሪ በላን። እንቁላሉም ለሁለት ተከፈለ።

ቨርጂኒያ_ነዋሪ

እኔ አሜሪካ ነው የወለድኩት። እዚህ ዊክ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላ፣ አትክልት ይሰጣል። ብዙ የሀበሻ እናቶች ይጠቀሙበታል። የተማርኩት ነገር፦ ሙሉ በሙሉ ለምታጠባ እናት የሚሰጠው የምግብ ድርሻ ከሁሉ ይበልጣል። የዱቄት ወተቱ በነፃ ስለተሰጠን ብለን ጡቱን የተውን አለን፤ እኔም ከነሱ አንዷ ነበርኩ።

ሌላው ፀሐይ ነው። እዚህ ክረምቱ ረጅም ስለሆነ ሐኪሟ ለሕፃኑ የቫይታሚን ዲ ጠብታ አዘዘችልን። እናቴ ከአዲስ አበባ ስልክ ደውላ «እኛ አገር ፀሐይ ሞልቷል» ስትለኝ የጎረቤታችን ልጅ ትዝ አለኝ። ዓይነ ጥላ ይነካዋል ተብሎ በጋቢ ተጠቅልሎ ዓመት ቤት ውስጥ ተቀመጠ። እግሩ ተጣሞ ነው የቆመው። ልጆቹን ጠዋት ጠዋት ደጅ አውጧቸው።

ሲስተር_ከወልድያ

ልክ ነሽ፤ እዚሁ ፀሐይ ባለበት አገር እንዲህ እግራቸው የተጣመመ ብዙ ልጆች አይቻለሁ።

ቶሳ ሥር፣ ቫይታሚን ኤ በየ6 ወሩ መሰጠቱን ካርዷ ላይ እዪ፤ ከ6 ወር ይጀምራል፣ ከዳፍንት ይከላከላል። የትል መድኃኒት 2 ዓመት ሲሞላት ነው። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላት አይሆንም። ጨዉ አዮዲን ያለበት ይሁን።

ቶሳ_ሥር

ሁለት ወር ሆነኝ ሳልጽፍ። ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

ከአማቴ ጋር አልተጣላሁም። ሲስተር የጻፈችውን ከፍቼ አነበብኩላቸው። የብቅሉ ጋ ስደርስ «ይህንንማ እኛም እናውቀው ነበር» ብለው ብቅሉን ራሳቸው አበቀሉ። አሁን ገንፎውን የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። እንቁላሉን ግን ፈርተው ነበር። የመጀመሪያ ቀን በደንብ የበሰለ ሩብ እንቁላል ነው የሰጠኋት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሆዷን ሲያዩ ከረሙ። ምንም አልሆነችም። አሁን በየቀኑ አንድ ትበላለች። ሠራተኛዬ ዱባና ጎመን ድቅቅ አድርጋ ታበስላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጉበት በትንሹ። በጾም ቀን በራሷ ድስት ነው፤ ቀይ ክዳን ያላትን ገዛሁላት። ጡጦው ተጥሏል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አልቅሳለች፣ እኔም አብሬ። ተቅማጥ አልተመለሰም።

እኔም ተመረመርኩ። ደሜ ዝቅ ብሏል። ኪኒኑን ማታ ማታ እወስዳለሁ፤ ሻዩን ወደ አሥር ሰዓት አዛውሬዋለሁ። ሠራተኛዬንም ወሰድኳት። ገና 19 ዓመቷ ነው፤ የእሷ ከእኔም ያንሳል። ልጄን ስታበላ የምትውል ልጅ እሷ ምን እንደምትበላ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። አሁን ምሳቸውን አብረው ይበላሉ።

ትናንት ተለካች። 12.6።

የአራት_ልጆች_እናት

እልልልል!

የዋጉ

ተመስገን። ተመስገን። ለእናቲቱም ለሠራተኛዋም።

ሲስተር_ከወልድያ

እልል በይ፣ ግን አትዘናጊ። 12.6 ጫፉ ላይ ነው፤ አንድ ተቅማጥ ወደ ቢጫ ይመልሳታል። በየወሩ ትለካ፣ ትመዘን። በ15 ወር ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት አለ፤ ያኔ አንቺም ክንድሽን ዘርጊላቸው።

ቶሳ_ሥር

እሺ ሲስተር። ሦስታችንም እንለካለን። ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።

አዲስ_ገቢ_ከመርሳ

ሰላም፣ ዛሬ ነው ያገኘኋችሁ። የ7 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። እስካሁን ጡት ብቻ ነው፤ ገንፎ ስሰጠው በምላሱ ገፍቶ ይተፋል። እምቢ እያለ ነው ወይስ አልለመደውም?

የአራት_ልጆች_እናት

አልለመደውም የኔ እናት። አንድ ወር ዘግይተሻል፣ ችግር የለም፤ ዛሬ ጀምሪ። ሲርበው፣ ሳይነጫነጭ፣ ጭንሽ ላይ አስቀምጪው። ሁለት ሦስት ማንኪያ ብቻ። ከተፋው ጥረጊና ድገሚለት፤ አታስገድጂው፣ አናግሪው። ነገ እንደገና፣ ከነገ ወዲያም እንደገና። ሦስተኛዬ አሥራ ሁለት ቀን ነው የፈጀብኝ።